መሣሪያው የማን ነው? ከአርባ ልጆች እስከ ዋልያስ

ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. አርባ ወንዶች ልጆች አዲስ አበባ ገቡ። አብዛኞቹ በአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ ነበሩ። እናትና አባት የላቸውም። በኦቶማን ቱርክ በአርመኖች ላይ ከደረሰው ፍጅት ተርፈው በኢየሩሳሌም በአርመን ገዳም የተጠለሉ የሙት ልጆች ናቸው። በዚያው ዓመት አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኮንን ለአውሮፓ ጉብኝት ሲወጡ በመንገዳቸው ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ። በዚያም ልጆቹ ማርሽ ሲነፉ ሰሙ። ወደዱት። ከአርመን ፓትርያርክ ጋር ተስማምተው ልጆቹን ከነመምህራቸው ወደ ኢትዮጵያ አስመጧቸው።

እኛ ዛሬም «አርባ ልጆች» እያልን እንጠራቸዋለን። ስማቸው ቁጥር ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ይባላል። «ማርሽ ተፈሪ» የተባለውን ዜማ የደረሰው እሱ ነው። ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥም ሰጠውና የንጉሠ ነገሥቱ መዝሙር ሆነ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ሲነግሡ ተሰማ፤ ከዚያም ንጉሡ ከዙፋናቸው እስኪወርዱ ድረስ በየትምህርት ቤቱ፣ በየሰልፉ፣ በየሬድዮው ተዘመረ። የአገራችን ዘመናዊ ሙዚቃ ታሪክ ሲጻፍ ከአርባ ልጆች ሳይነሣ አይጻፍም። የኬቮርክ ወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ ኋላ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በሌሎችም ቤቶች ብዙ ሙዚቀኞችን አስተምሯል።

እኔን የሚገርመኝ ግን ዜማው አይደለም። አስቡት። ትናንት በገዳም ቅጥር ውስጥ በምጽዋት እየበላ ያደረ የ14 ወይም የ15 ዓመት ልጅ፣ ዛሬ በማያውቀው አገር የመንግሥት ይፋዊ ባንድ አባል ነው። መኳንንቱ ሲያልፉ ይነፋል፣ የውጭ እንግዳ ሲመጣ ይነፋል፣ ሕዝቡ ቆሞ ያየዋል። በአንድ ጊዜ ታዋቂ ሆነ። ነገር ግን የሚነፋው ጡሩምባ የእሱ አይደለም፤ የለበሰው መለዮ የእሱ አይደለም፤ የሚያድርበት ቤት የእሱ አይደለም፤ ስሙን የሚያውቅለት ሰውም የለም። የእሱ የሆነ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ከጎኑ ቆሞ የሚነፋው ጓደኛው። ጓደኝነታቸው ከዝናቸው ይቀድማል። መከራው ነው ያስተዋወቃቸው፤ ዝናው በላዩ ላይ የመጣ ነገር ነው። ቡድኑ ዕድሜው ረጅም አልነበረም። ሲበተን ልጆቹ ይዘውት የሚሄዱት ነገር የተማሩት ሙያና እርስ በርስ የነበራቸው ትዝታ ነበር።

ይህን የምጽፈው ጋምቤላ ከተማ መሃል ሆኜ ነው። ምክንያት አለኝ። እዚህ ከተማ ውስጥ አመሻሽ ላይ ከባሮ ድልድይ ወዲህና ወዲያ ብትዘዋወሩ ከአንድ በላይ ቦታ ሙዚቃ ትሰማላችሁ። ከትምህርት ቤት የወጡ ልጆች ናቸው። አንድ የተዋሱት ኪቦርድ፣ አንድ ሞንታርቦ፣ አንድ ስልክ። በአኙዋክኛ ይዘፍናሉ፣ በኑዌርኛ ይዘፍናሉ፣ አማርኛና የጁባ ዓረብኛ ይቀላቅላሉ። የዚህ ከተማ ጆሮ ድሮም ወደ ሁለት አቅጣጫ ነው የተከፈተው። በምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1902 በተፈረመው ውል እንግሊዞች በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተፈቀደላቸው፤ ወንዙ በሚሞላበት ክረምት ከካርቱም የተነሣ መርከብ እዚህ ድረስ ይመጣ ነበር። ቡና ይወጣል፣ ሸቀጥ ይገባል። ሰው ባለበት ደግሞ ዘፈን ይገባል፣ ዘፈንም ይወጣል። ዛሬ በመርከቡ ፋንታ ስልኩ አለ። እዚህ የተቀረጸ የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ በማግስቱ ጁባ ይታያል፣ በሳምንቱ አሜሪካ ሚኒሶታ ያለ ዘመድ ይልከዋል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ደጋግሜ አይቻለሁ። አንድ «አቀናባሪ ነኝ»፣ «ፕሮሞተር ነኝ» የሚል ሰው ይመጣል። አራት ወይም አምስት ልጆች ናቸው፤ እሱ ግን የሚፈልገው ድምፃዊውን ብቻ ነው። ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ «እኔስ?» ይላል። መልስ የለም። በወሩ ልጆቹ በአንድ መንገድ ሲሄዱ አታዩአቸውም። ሰው ሁሉ «ዝና አጣላቸው»፣ «ገንዘብ አጣላቸው» ይላል። እኔ አልስማማም። የአገራችንን የባንድ ታሪክ ሳገላብጥ የማገኘው ሌላ ነገር ነው። ልጆቹን የሚለያያቸው በመሃላቸው ያለው ንብረት፣ ማለትም መሣሪያው፣ ስሙና ዘፈኑ፣ ከመጀመሪያው የእነሱ አለመሆኑ ነው።

ከጥላሁን ገሠሠ እንጀምር። ጥላሁን በ1933 ዓ.ም. መስከረም ተወለደ። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ከወሊሶ አዲስ አበባ መጥቶ ሀገር ፍቅር ገባ፤ ከዚያ ክብር ዘበኛ ወሰደው። ክብር ዘበኛ ማለት ያኔ ትልቁ ኦርኬስትራ ነው። ግን ደግሞ ጦር ነው። ሙዚቀኛው ወታደር ነው፤ ደመወዙም ዲሲፕሊኑም የወታደር ነው። ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሞክሮ ሲከሽፍ ጥላሁን በሃያ ዓመቱ የአገሪቱ ታላቅ ድምፅ ነበር፤ ያም ሆኖ ከታሰሩት አንዱ ሆነ። ዘፋኝ ነው እንጂ ጄኔራል አይደለም። የድምፁ ባለቤት የሆነው ክፍል ሲወድቅ ግን ድምፁም አብሮ ተጠርጣሪ ሆነ። ጥላሁን ተፈቶ ከቀድሞው የበለጠ ገነነ። ከኋላው ተደርድረው ይነፉ የነበሩት ጓደኞቹ ግን የብዙዎቻቸው ስም ዛሬ በሕዝቡ አፍ የለም።

በክብር ዘበኛም፣ በፖሊስም፣ በጦር ሠራዊቱም፣ በሀገር ፍቅርም ነገሩ ተመሳሳይ ነበር። መሣሪያው የቤቱ ነው። ልጁ ከቤቱ ሲወጣ ሳክስፎኑን አስረክቦ ይወጣል። ዘመኑ ውድ ዘመን ነበርና ሳክስፎን ገዝቶ ቤቱ ያስቀመጠ ወጣት ማግኘት ዘበት ነው።

ከዚያ ሮክ መጣ። አስመራ ውስጥ የአሜሪካኖቹ የቃኘው ጣቢያ ነበረ፤ ሬድዮው የሚያሰማውን ዘፈን ከግቢው ውጭ ያለው ወጣት ሁሉ ይሰማዋል። አዲስ አበባ ደግሞ በፊልምና በሸክላ ኤልቪስ ፕሪስሊ ገባ። ዓለማየሁ እሸቴ «የኢትዮጵያ ኤልቪስ» ተባለ፤ ፀጉሩም፣ አቋቋሙም፣ ጩኸቱም። ነገር ግን ዓለማየሁም ያደገው በፖሊስ ኦርኬስትራ ነው። ሮክ መለዮ ለብሶ ነው ወደ አገራችን የገባው ብል ቀልድ አይደለም።

ከመለዮው ለመውጣት በር የከፈተው አምሃ እሸቴ ነው። ያኔ ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነው ተብሎ ተይዞ ነበር። አምሃ ወደ 24 ዓመቱ የተጠጋ የሙዚቃ መሸጫ ባለቤት ነበር። «የሚመጣው ይምጣ» አለና እ.ኤ.አ. በ1969 የዓለማየሁን ሸክላ ሕንድ አገር አሳትሞ አስመጣ። ማንም አላሰረውም። አምሃ ሪከርድስ ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. እስከ 1975 ድረስ ወደ መቶ የሚጠጉ ነጠላ ሸክላዎች አወጣ፤ ዛሬ ዓለም «ወርቃማው ዘመን» የሚለው ሙዚቃ ትልቁ ክፍል ይኸው ነው። ሆኖም ሸክላው ላይ የሚታተመው የድምፃዊው ስምና ፎቶ ነው። ከበሮ የመታውን፣ ቤዝ የያዘውን ማን ያውቀዋል?

ሙሉቀን መለሰን ተመልከቱ። ከጎጃም መጥቶ በልጅነቱ፣ ገና የ12 እና የ13 ዓመት ልጅ ሳለ በአዲስ አበባ የምሽት ክበቦች መዝፈን ጀመረ። ልጅ ነው። ሌሊት ይሠራል። የዛሬ ልጅ ቢሆን የሕፃናት መብት ጉዳይ በሆነ ነበር። ሙሉቀን ዝናው ጣራ ሲነካ ዓለማዊውን ሙዚቃ ተወና ወደ መንፈሳዊ መዝሙር ገባ፤ በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ በአሜሪካ አረፈ። ብዙ ሰው «ለምን ተወው?» ብሎ ሲጠይቅ ኖሯል። እኔ ሁልጊዜ የማስበው የ13 ዓመቱን ልጅ ነው። ያን ልጅ «ትፈልጋለህ ወይ?» ብሎ የጠየቀው ሰው ነበር?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ፤ ወደ ዋልያስ ባንድ።

ኃይሉ መርጊያ በደብረ ብርሃን አካባቢ ተወለደ፣ አዲስ አበባ አደገ። በ14 ዓመቱ አኮርዲዮን ለመደ። እንደ እኩዮቹ ሁሉ በልጅነቱ የጦር ሠራዊቱን ሙዚቃ ክፍል ቀምሷል። ከዚያ ወጥቶ በየክበቡ ይጫወት ጀመር። በቬነስ ክበብ ከሚጫወቱ ጓደኞቹ ጋር በ1960ዎቹ (ዓ.ም.) ያቋቋሙት ባንድ ነው ዋልያስ። ሞገስ ሀብቴ ሳክስፎን፣ ዮሐንስ ተኮላ ጡሩምባ፣ መላኬ ገብሬ ቤዝ፣ ማሕሙድ አማን ጊታር፣ ተማረ ሐረጉ ድራም፣ ኃይሉ ኪቦርድ፣ ግርማ በየነ ፒያኖ። ስማቸውን ሆን ብዬ አንድ በአንድ ጻፍኩት።

ዋልያስን ከሌላው የለየው ችሎታው ብቻ አይደለም። ያኔ በክበቦችም ሕጉ የጦሩ ሕግ ነበር። የክበቡ ባለቤት መሣሪያውን ይገዛል፣ ልጆቹን ይቀጥራል፤ ካልተስማማችሁ ልጆቹ ባዶ እጃቸውን ይወጣሉ፣ በማግስቱ ሌላ ባንድ በዚያው መሣሪያ ይጫወታል። ዋልያሶች የራሳችን መሣሪያ ይኑረን አሉ። ባለ መሣሪያ ሆኑ። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ነገር ግን ያን ቀን የባንዱ ጌታ ተቀየረ። ከዚያ ወዲያ ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት ሲሄዱ ባንዱ ነው የሚሄደው፤ ሰው በሰው አይተካም። ሂልተን ሆቴል ገብተው ዓመታት የቆዩት እንዲህ ሆነው ነው።

ደርግ መጣ። የሰዓት እላፊ ታወጀ። ከተማው በጊዜ ጭር ይላል፤ ሂልተን ግን ከገባህ እስከ ንጋት አትወጣም። ስለዚህ ታዳሚው እየጨፈረ ያድራል፣ ባንዱም እየተጫወተ ያድራል። ውጭ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ያንን ሌሊት ሌሊት አብሮ ያነጋ ጓደኝነት እንዲህ በቀላሉ የሚገለጽ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ1977 ሙላቱ አስታጥቄን ጨምረው «ቸ በለው» የተባለውን አልበም አወጡ፤ ድምፃዊ የለበትም። ድምፃዊ የሌለበት አልበም ማለት፣ ለአንድ ጊዜ እንኳ ሽፋኑ የባንዱ ሆነ ማለት ነው። በውስጡ ያለው የግርማ በየነ «ሙዚቃዊ ስልት» ዛሬ የዓለም ባንዶች የሚጫወቱት ነው። እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፦ እ.ኤ.አ. በ1998 ይህን ዜማ የተጫወተው «ዳክታሪስ» የተባለ ቡድን የናይጄሪያ የድሮ ባንድ መስሎ ነበር የቀረበው፤ ልጆቹ ግን የኒውዮርክ ልጆች ነበሩ። የእኛን ዜማ፣ በናይጄሪያ ስም፣ በብሩክሊን። የስም ጉዳይ እንዲህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያሶች አሜሪካ ሄዱ። ሙሉ ዘመናዊ ባንድ ሆኖ ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ በመሄድ የመጀመሪያዎቹ እነሱ ናቸው። ተጫወቱ። ጉዞው ሲያልቅ ጥያቄው መጣ፦ እንመለስ ወይስ እንቅር?

ይህን ጥያቄ ቀላል አድርገን አንየው። ለአሥር ዓመት አብረው የሠሩ ሰዎች ናቸው። መመለስ ማለት ወደ ሰዓት እላፊውና ወደ ፍርሃቱ መመለስ ነው፤ ግን ደግሞ ወደ ቤተሰብ፣ ወደ ሂልተን መድረክ፣ ወደ ስም። መቅረት ማለት ነፃነት ነው፤ ግን ማንም የማያውቃችሁ አገር። ኃይሉ፣ ሞገስ፣ መላኬና ግርማ ቀሩ። ዮሐንስና ተማረ ተመለሱ፤ ዋልያስ የሚለው ስምም አዲስ አበባ ውስጥ ከእነሱ ጋር ለዓመታት ቀጠለ። መሣሪያ ይከፈላል፤ አንተ ይህን ውሰድ፣ እኔ ያንን። ስም ግን አይከፈልም። ዋሽንግተን የቀሩት ከዜሮ ጀምረው ዙላ ባንድ ብለው ተጫወቱ፤ ስደተኛው በየሳምንቱ መጨረሻ በሚሰበሰብበት ቤት።

እ.ኤ.አ. በ1985 ኃይሉ ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ «ሸሞንሟናዬ» የሚባለውን ካሴት ሠራ። አኮርዲዮኑን እሱ፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖውን እሱ፣ ሲንተሳይዘሩን እሱ፤ ከበሮውን ማሽን። ብዙ የውጭ ጸሐፊዎች ይህን ካሴት ሲያደንቁ ስለ ድምፁ እንግዳነት ነው የሚያወሩት። እኔ ስሰማው የሚሰማኝ ሌላ ነው። የተማረ ቦታ ላይ ማሽን አለ። የመላኬ ቦታ ላይ የኃይሉ ግራ እጅ አለ። የሞገስ ሳክስፎን መግባት ያለበት ቦታ አኮርዲዮኑ ይገባል። ባንድ የለመደ ሰው ባንድ ሲያጣ የሚሠራው ሙዚቃ ነው።

ከዚያ ኃይሉ የታክሲ ሹፌር ሆነ። ዋሽንግተን አጠገብ ባለው ዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው ዕቃ መጫኛ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ልብ በሉ፣ አሁንም መሣሪያው የራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ውስጥ ከካሴት ቤት ያገኘውን «ሸሞንሟናዬ» ይዞ ኃይሉን ፈልጎ ደወለለት፤ ካሴቱ እንደገና ታተመ። ኃይሉ ወደ ሰባ ዓመት እየተጠጋ ከአውሮፓ እስከ አሜሪካ መድረክ ላይ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም አወጣ። ግርማ በየነም ለብዙ ዓመታት ዝም ካለ በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ከፈረንሳዮቹ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር አልበም ሠራ። ሁለቱም በእርጅናቸው በሌሎች ልጆች ታጅበው ተመለሱ። ዋልያስ ሆነው ግን አልተመለሱም።

አይቤክስን ብናነሣ ታሪኩ ሌላ መልክ አለው። ጆቫኒ ሪኮ በቤዝ፣ ሰላም ስዩም በጊታር፤ የማሕሙድ አሕመድን «እረ መላ መላ» ያጀቡት እነሱ ናቸው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1986 አውሮፓ ውስጥ ሲታተም የምዕራቡ ዓለም ጆሮ ወደ ኢትዮጵያ ዞረ። ዓለም ያወቀው ማሕሙድን ነው፤ ይገባዋልም። ኋላ ሮሃ ባንድ ሆነው በየካሴቱ ጀርባ በትንሽ ፊደል «ያጀበው ሮሃ ባንድ» ተብለው ኖሩ። የእኛ ትውልድ ልጅነቱን ያሳለፈው ሮሃን ሲሰማ ነው፤ ሦስት አባላቱን ጥሩ ብትባሉ ስንቶቻችሁ ትችላላችሁ?

በሌላውም ዓለም ይኸው ነው። የፖርቶ ሪኮው ሜኑዶ እ.ኤ.አ. በ1977 የተቋቋመ የልጆች ቡድን ነበር። ስሙ የአስተዳዳሪው ነው። ልጁ ሲያድግና ድምፁ ሲጎረንን ይወጣል፣ ሌላ ልጅ ይገባል። ሪኪ ማርቲን የገባው በ12 ዓመቱ ነው። ቡድኑ አያረጅም፤ የሚያረጁት ልጆቹ ናቸው። እዚያ ጓደኝነት የሚባል ነገር ሊኖር የሚችለው እስከ ተራህ ድረስ ነው። ቢትልሶችም፣ ያን ያህል ገነው፣ የራሳቸውን ዘፈኖች የያዘውን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1969 ከእጃቸው አውጥተው ቀርተዋል።

የእኛዋ ሜኑዶ ኪነት ናት ብል ትቀየሙኛላችሁ? በደርግ ዘመን በየቀበሌው፣ በየአውራጃው፣ በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድን ነበር። ብዙ ጎበዞች ከዚያ ወጥተዋል፤ ማሪቱ ለገሠ የወሎው ላሊበላ ኪነት ልጅ ናት። ወጣቱ ተገናኘ፣ ተማረ፣ ተዋደደ፣ ተጋባም። ነገር ግን ቡድኑ የመንግሥት፣ መሣሪያው የመንግሥት፣ ግጥሙም ብዙውን ጊዜ የመንግሥት ነበር። ዛሬ በየክልሉ፣ እዚህ ጋምቤላም ጭምር፣ በዓል ሲሆን መድረክ ላይ የምናያቸው የባህል ቡድኖች የዚያ አደረጃጀት ወራሾች ናቸው። አበል አላቸው፣ መለዮ አላቸው፣ ይጨበጨብላቸዋል። የአርባ ልጆች ነገር ትዝ ይለኛል።

ሕጉ ምን ይላል? አገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ አላት፤ ቁጥር 410/1996 ነው፤ በኋላም ተሻሽሏል። «ተዛማጅ» የምትለዋ ቃል ለባንድ ልጆች ወሳኝ ናት። ግጥምና ዜማ የደረሰው ብቻ ሳይሆን ከዋኙም፣ ማለትም የተጫወተውም ሰው መብት አለው ማለት ነው። ኪቦርድ የተጫወተው ልጅ «እኔስ?» ሲል ሕጉ ከጎኑ ነው፤ ችግሩ ይህን የነገረው ሰው አለመኖሩ ነው። ሌላም አለ። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ብቻውን የሚፈርመው ውል በሕግ ፊት ደካማ ነው፤ ወላጅ ወይም አሳዳጊ መኖር አለበት። የ16 ዓመት ልጅ በስልክ መልእክት «ተስማምቻለሁ» ብሎ ዘፈኑን ሲሰጥ የምናየው ነገር ውል አይባልም። ደግሞም በእኛ ከተማ ከልጆቹ ብዙዎቹ ከስደተኞች መጠለያ የመጡ ናቸው፤ ክልሉ ከሦስት መቶ ሺህ በላይ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን ይዟል፤ አሳዳጊው ከድንበር ማዶ የቀረ፣ ወይም ከነጭራሹ የሌለ ልጅ ስንት ነው? የሙት ልጆች ባንድ የ1916 ታሪክ ብቻ አይደለም።

ከዚሁ ከተማ አንድ ነገር ልጨምር። አኙዋኮች ቶም የሚሉት መሣሪያ አላቸው። ከእንጨት ይቦረቦራል፣ በላዩ ቀጫጭን የብረት ምላሶች ይደረደራሉ፣ በሁለት አውራ ጣት ይመታል። ልጁ ብረቱን ከየትም ለቅሞ፣ ቀጥቅጦ፣ ራሱ ነው የሚሠራው። ራሱ ይቃኘዋል። ሲጫወት ጓደኛው የራሱን ቶም ይዞ መጥቶ አጠገቡ ይቀመጣል፤ ትልቁና ትንሹ ይመላለሳሉ። ባለሙያዎች ስለ ቃኝቱ ብዙ ይላሉ። እኔ የማየው ማንም መጥቶ «አስረክብ» የሚለው ሰው እንደሌለ ነው። ክበቡ ቢዘጋ፣ ቢሮው ቢፈርስ፣ ፕሮሞተሩ ቢጠፋ ቶሙ የልጁ ነው። ዋልያሶች በብዙ ገንዘብና በብዙ ድፍረት ያገኙትን ነገር የአኙዋክ ልጅ በአንድ ቁራጭ እንጨት ያገኘዋል። ኪቦርዱ ጋ ስንደርስ ነው የምንቸገረው።

ስለዚህ ባንድ ላላችሁ ልጆች፦ ከሚቀጥለው ሠርግ በፊት አንድ ወረቀት አምጡ። የባንዱን ስም ማን እንዳወጣውና አንዱ ቢወጣ ስሙ ከማን ጋር እንደሚቀር ጻፉ። ኪቦርዱ በማን ብር እንደተገዛ፣ ማን ስንት እንዳዋጣ ጻፉ። እያንዳንዱ ዘፈን ላይ ዜማው የማን፣ ግጥሙ የማን፣ የተጫወቱት እነማን እንደሆኑ በሙሉ ስም ጻፉ፤ ቁጥር አይደለም፣ ስም። ሁላችሁም ፈርሙ፤ ከ18 በታች የሆነ ካለ እናቱ ወይም አሳዳጊው ይፈርሙ። ፎቶ አንሥታችሁ ለእያንዳንዳችሁ ላኩ። «እኛ እኮ ጓደኛሞች ነን፣ ወረቀት ምን ያደርግልናል?» የሚል ይኖራል። ለእሱ ይህን ጽሑፍ አስተላልፉለት፤ ከአሜሪካው ጉዞ የሚጀምረውን ክፍል ሁለት ጊዜ ያንብበው።